ጠዋት የማይፈስ ዘይት

ኅዳር 4

የመጀመሪያው ሰላምታዬ ለእናቴ ይሁን፤ ጉልበቷን ስማችሁ አስረክቡልኝ። ቀጥሎ ለአባቴ፤ ሬዲዮውን ለአንድ አፍታ ዝቅ አድርጎ ይስማኝ። ጆሮዋ ለደከመው ለአያቴ እጇን ጨብጣችሁ ሰላም በሏት፣ ይገባታል። «ጽሕፈት ሆድ አይሞላም» ለሚለው ለአጎቴ፣ ሳቋ እዚህ ድረስ ለሚሰማኝ ለአክስቴ፣ ጫማዬን እያደረገ መሆኑን ለማውቀው ለታናሽ ወንድሜ (ይቅር ብዬዋለሁ)፣ ለእያንዳንዳቸው እንደየድርሻቸው ይድረሳቸው። በመጨረሻም ይህን ሁሉ ጮክ ብለሽ ለምታነቢው ለታላቅ እህቴ፤ እታለም፣ ጉሮሮሽ አይድረቅ።

የመኪናችን ሾፌር የዛሬ ወር ገደማ በእናንተ በኩል ስለሚያልፍ ይህን ደብተር ይዞላችሁ ይመጣል። እስከዚያው ለራሴም ጭምር እጽፍበታለሁ። ለሁሉም ጆሮ የማይሆን ነገር ስታገኚ እለፊው፤ አንቺ ግን አንብቢው።

ሥራችን ይህ ነው። ከጋራዥ ጋራዥ እየዞርን ከሞተር ሆድ የወጣውን የተቃጠለ ዘይት በባልዲ እየቀዳን መኪናው ላይ ባሉት በርሜሎች እንሞላለን። ሲመሽ ወደ ግቢያችን እንገባለን፤ በማግሥቱ ማለዳ ዘይቱን መሬት ውስጥ ወደተቀበረው ታላቅ ታንከር እናወርዳለን። ከዚያ ተጣርቶ ለጡብ ምድጃ ይሄዳል። ዛሬ የታንከሩ ክዳን ተከፍቶ ጎንበስ ብዬ ተመለከትሁ። ጥቁር ነው፤ ዝምታው ግን የውኃ ዝምታ አይደለም። ስንቱን ዳገት የወጡ፣ ስንቱን ሙሽራና ስንቱን ሬሳ ያደረሱ ሞተሮች ላባቸውን ያጠራቀሙት እዚያ ነው ብዬ ሳስብ ጸጉሬ ቆመ።

ዘይቱ ከመኪናው ወደ ታች የሚወርደው በጎማ ቱቦ ነው። ጎማው መፍሰስ እንዲጀምር ግን ሰው በአፉ መሳብ ይኖርበታል። ይህን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠሩ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ ሁሉም «ጋሼ ቱቦ» ይላቸዋል። ዘይቱ ጥርሳቸው ላይ ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው በአውራ ጣታቸው ይደፍኑታል። በድምፁ ነው የሚያውቁት ይላሉ። እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ጠጣሁ። እርሳቸውም «ምሳህን በልተሃል ማለት ነው» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ግን መጨረሻው ሳል ሆነ። ሳላቸው ከታች፣ ከሩቅ ነው የሚመጣው።

አሁን የምጽፈውን እለፊው። ጋሼ ቱቦ ማሽተት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ዘይት ውስጥ ቤንዚን የገባበት በርሜል ካለ በማሽተት ለይቶ ማስቀረት የእርሳቸው ሥራ ነው፤ በዚህም በከተማው ሁሉ ስመ ጥር ናቸው። ስለዚህ ዘወትር ማለዳ እኔ ቀድሜ በርሜሎቹን አሸታለሁ፤ ንጹሕ ከሆነ ጎማውን አቀብላቸዋለሁ፤ ካልሆነ ክዳኑን እዘጋዋለሁ። እርሳቸውም አፍንጫቸውን ጠጋ አድርገው «ይህ አይሆንም» ይላሉ። ከእኛ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም።

ኅዳር 9

እመቤት ጠሩኝ። የግቢው ባለቤት ናቸው፤ ሠራተኛው በሌሉበት «ሚዛን» ይላቸዋል፤ ሳይመዝኑ ቃል እንኳ አይሰጡም።

«አንተ ልጅ፣ በርሜሎቹ ላይ የሚጽፈው አንተ ነህ?»

«አዎን እመቤቴ።»

«የእኚህ ሰውዬ ሳል አላማረኝም። ጎማ በአፍ መሳብ ይብቃ። ፓምፕ ምረጥ።»

እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ የተማርሁ መሆኔን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም። «እሺ» አልሁ። ወጥቼ ለሾፌሩ ብነግረው «በል እንግዲህ ጸሐፊው፣ የማንበብህ ዕዳ መጣ!» አለኝ። ይህን ሾፌር «ፍሬን» እንለዋለን፤ ጥላ ባየ ቁጥር ይይዛልና።

ጋሼ ቱቦ ሲሰሙ ጎማቸውን ጠቅልለው አስቀመጡ።

ኅዳር 11

የፓምፕ ሱቅ። እንዲህ ያለ ቤት አላየሁም። ከወለል እስከ ጣሪያ ብረት ሁሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ አንዱ አፍ ይስባል፣ አንዱ ይተፋል። ሻጩ እንደ አስተማሪ እያዞረ አሳየኝ። አንደኛው ውስጡ የሚሽከረከር ክንፍ ያለበት ነው፤ ውኃውን ገርፎ ይወረውረዋል። ሁለተኛው ሁለት ጥርሳም ማርሾች እንደ ተጋጠመ ጥርስ የሚዞሩበት ነው። ሦስተኛው ጥግ ላይ አቧራ ለብሷል፤ «በነፋስ ነው የሚሠራው፣ ለአንተ አይሆንም» ብሎ አለፈው።

«ለዘይት የትኛው ይበጃል?» አልሁት።

«ወንድሜ፣ የሚፈስ ነገር ሁሉ ያው የሚፈስ ነገር ነው። ይህ ባለ ክንፉ በሰዓት አንድ ኩሬ ያደርቃል።»

አብሮት ያለው ወረቀት በባዕድ ፊደል የተጻፈ ነው። እንደሚያነብ ሰው ቅንድቤን ሰብስቤ ገለጥሁት። ሥዕሉን ግን በደብተሬ ቀዳሁ፤ ፊደሎቹንም እንደ ሥዕል። ሻጩ ያየኝ ነበር። ያወቀብኝ ይመስለኛል።

ኅዳር 13

ሠራ! ባለ ክንፉን ለሙከራ ሰጠኝና እኩለ ቀን ላይ ግቢ አመጣሁት። በርሜሉ ከአውቶቡስ ጋራዥ ገና መምጣቱ ነበር፤ ሲነኩት ይሞቃል። ፓምፑን ከመብራት አገናኘነው፤ ጮኸ፤ ዘይቱ እንደ ጥቁር የፈረስ ጭራ ተወርውሮ ታንከሩ ውስጥ ገባ። አንድ ሙሉ በርሜል በአንድ ትንፋሽ! ፍሬን ቆቡን አውልቆ ቆመ። እመቤት በመስኮት አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለእርሳቸው ይህ ጭብጨባ ነው።

ጋሼ ቱቦ ብቻ ጠጋ ብለው «ዘይትን ቀትር ላይ ያናገርኸው እንደሆነ ከሁሉም ጋር ወዳጅ ነው። ጠዋት አናግረው» አሉኝ።

የቅናት ነገር መስሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል።

ኅዳር 16

ማለዳ። ብርድ። ፓምፑ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ምንም አልመጣም። ጎማውን አነቃነቅሁ። ውኃ ጨምሩበት አሉ፣ ጨመርን። ውስጡ ያለው ነፋስ አልወጣ አለ። እንደ ተናደደ ንብ ጮኾ ጮኾ ጋለ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። አጠፋሁት። ሁሉም ቆሞ ያያል። እመቤትም።

ጋሼ ቱቦ ጎማቸውን አመጡ። አሸተትሁላቸው። ሳቡ።

ኅዳር 17

ትናንት ምሳ ላይ ከግድግዳው ወዲያ የሰማሁት፤ ፍሬን ለጎረቤታችን ለጎማ ጠጋኙ ሲነግረው፦ «ጸሐፊው ፓምፑን ፊደል አስቆጥሮት ነበር፣ ሀ ሁ ላይ ቀረ።» ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ዳቦዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ዛሬ ማለዳ ጋሼ ቱቦ አግኝተውኝ ግን አልሳቁም። ቀጭን እንጨት ይዘው መጡ፤ በርሜሉ ውስጥ ነክረው ቀጥ አድርገው አነሡት። ከእንጨቱ ጫፍ የዘይት ክር ወረደ። «ክሩ እስኪበጠስ ቁጠር» አሉኝ። ሃያ ሁለት ቆጠርሁ። ቀትር ላይ እንደገና አስቆጠሩኝ። ሦስት! ያው ዘይት፣ ያው በርሜል፣ ያው እንጨት። ጠዋት ሽማግሌ ነው፤ ቀትር ላይ ጎረምሳ ሆኖ ይሮጣል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ያለ ፊደል፣ ያለ ወረቀት በአንድ እንጨት የሚያነብ ሰው አጠገቤ ሲኖር እኔ የባዕድ ፊደል እስል ነበር።

«ለምን ቀድመው አልነገሩኝም ጋሼ?»

«ነገርሁህ እኮ። ፓምፑ እየጮኸ አልሰማኸኝም።»

ነገ ማንም ሳያየኝ ፓምፑን እመልሳለሁ።

ኅዳር 19

ጋሼ ቱቦ ሐኪም ቤት ናቸው። ትናንት ማለዳ። ሳይነጋ ፓምፑን በጋሪ ጭኜ ወጥቼ ነበር፤ ሰው ሳይስቅብኝ። በበሩ ስወጣ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ መልሼላቸው ሄድሁ። ስመለስ በሩ ክፍት፣ መኪናው የለም፣ ጎማው መሬት ላይ። ቤንዚን በርሜሉ ውስጥ ነበረ። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ኅዳር 20

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ አለዚያ ልቤ እንደ ፈለገው ያሳምረዋል።

በብርድ ዘይት ቀስ ብሎ ይመጣል። ጋሼ ቱቦ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የተማሩት ያንን መዘግየት ነው፤ ስበው፣ ቆጥረው፣ በአውራ ጣታቸው ይደፍናሉ። ቤንዚን ግን ብርድ አያውቅም። ያ በርሜል ግማሹ ቤንዚን ነበር፤ እንደሳቡት ተወንጭፎ መጣ፤ ጣታቸው ሳይደርስ ወደ ሳንባቸው ገባ። ፍሬን ተሸክሟቸው መኪናው ውስጥ አስገባቸው፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬን ሳይነካ ነዳ ይላሉ። ስለዚህ ነገር ማንም አልቀለደም።

ዛሬ አየኋቸው። አፍንጫቸው ላይ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ከግድግዳው ትንፋሽ ያመጣላቸዋል። ትንፋሽ በቱቦ እንደሚሄድ አላውቅም ነበር። አጠገቡ ያለችው ትንሽ ኳስ በብርጭቆ ውስጥ ወጣ ወረድ እያለች ምን ያህል እንደሚደርሳቸው ታሳያለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ያቺን ኳስ ሳይ ቆየሁ። ዓለም በቱቦ የታሰረች መሰለኝ፤ አንዱ ይገድላል፣ አንዱ ያድናል። ጋሼ ቱቦ እጃቸውን አንሥተው ወደ አፍንጫቸው ጠቆሙና ዓይናቸውን ጠቀሱኝ። ቀልድ መሆኑ ነው። በስማቸው መቀለዳቸው ነው። አልሳቅሁም።

እመቤት በኮሪደሩ ቆመው ነበር። «በከተማው አንደኛ የተባለ አፍንጫ፣ እንዴት ቤንዚን አመለጠው?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ዝም አልሁ። ብናገር ሥራቸውን ያጣሉ። ዝም ብልም… ዝም አልሁ።

ኅዳር 24

ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ቀን ሌሎቹ በባልዲ ዘይት ያወርዳሉ። ማንም አፉን ጎማ ላይ አላደረገም። እኔ ሁሉንም በርሜል ሦስት ሦስት ጊዜ አሸታለሁ። ፍሬን «በቃህ፣ አፍንጫህ ጠቆረ» ይለኛል። አራተኛ አሸታለሁ።

ኅዳር 27

እንጨቴን፣ የማለዳ ዘይት በጣሳ፣ ከበርሜሎቹ ታች የወጣ ጭቃም በሌላ ጣሳ ይዤ ሱቁ ሄድሁ። ሻጩ «ደግሞ መጣህ?» አለ። እኔም የወረቀቱን ፊደል ማንበብ እንደማልችል ነገርሁት፤ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ተምሬያለሁ አልሁት። እንደሚስቅ ጠብቄ ነበር። እርሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እኔም በልምድ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ።

ጥርሳሙን ፓምፕ ፈታልኝ። እታለም፣ ያን ብታዪ! ሁለት ማርሾች፣ አንዱ በሌላው ጥርስ መካከል እየገባ፣ በጥርሶቻቸው መካከል ያለችውን ዘይት ጉንጫቸው ውስጥ ይዘው ያዞሯታል፤ ወደ ኋላ መመለሻ የላትም። ወፍራም ዘይት ይወድዳል፤ ሃያ ሁለት ቢቆጠርም ያልፍለታል። ልቤ ወደደው። ጭቃውን ግን በወንፊት ስናጣራው የብረት ብናኝ፣ የተበጣጠሰ ላስቲክ፣ አንድ የተሰበረ ብሎን ወጣ። ሻጩ ብሎኑን አንሥቶ «ይህ ዘይት አይደለም፣ ምሳ ነው፤ ጥርሱን ይሰብርበታል» አለ። ደግሞም የኤሌክትሪክ ሞተር አለው። ቤንዚን ባለበት አንዲት ብልጭታ ትበቃለች።

በዚህ ጊዜ ጥጉን አየሁ። «ያ በነፋስ የሚሠራውስ?»

አቧራውን ጠርጎ አመጣው። ግራና ቀኝ ሁለት ክብ ቤት አለው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የጎማ ሽፋን ተወጥሯል። ነፋስ አንዱን ሲገፋ ሌላው ይሳባል፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይስባል። ብልጭታ የለበትም። ባዶውን ቢሠራ አይቃጠልም። ከደረቅ ጎማ ነፋሱን ራሱ አውጥቶ ዘይቱን ይጠራዋል። ትንሽ ጠጠርም ያሳልፋል፤ ለብሎኑ ብቻ ወንፊት ያስፈልጋል።

«ማን ይገዛዋል? ነፋስ የሚያምቅለት ኮምፕሬሰር ይፈልጋል፣ ነፋስ ከየት ይመጣል?» አለ።

በዚያች ቅጽበት አእምሮዬ ውስጥ ያለፈውን መጻፍ እፈልጋለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ደጋግሞ አይመጣምና። የምንሄድባቸውን ጋራዦች አንድ በአንድ አሰብሁ። ጎማ የማይነፋ ጋራዥ የለም። ግቢያችን አጠገብም ጎማ ጠጋኙ አለ፤ ከግድግዳው ወዲያ ቀኑን ሙሉ ኮምፕሬሰሩ ሲያጉረመርም እየሰማሁ ነው የኖርሁት። በዘይት ተከብበን ነፋሱን አላየነውም ነበር!

ታኅሣሥ 2

እመቤት ፊት ቆሜ ነገርኋቸው። ስለ ውፍረቱ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ነፋሱ።

«ጥርሳሙ ይበልጣል ይላሉ። ብልጭታውን ለምን ፈራህ? ቤንዚን ያለበትን አስቀድመን በአፍንጫ እንለያለን።»

«አፍንጫ ይሳሳታል እመቤቴ።»

«የማን አፍንጫ?»

«የእኔ።»

የወረቀት መጫኛቸውን አንሥተው አስቀመጡ። «ያን ቀን ማሽተት የአንተ ነበር?»

«የእኔ ነበር። አላሸተትሁም።»

ይህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ በጣም ብልህ ሴት ናቸው። አልጠየቁም። «አፍንጫ የሚሳሳትበትን ቀን የሚችል ፓምፕ አምጣ» ብለው ሸኙኝ።

ታኅሣሥ 6

ዛሬ ማለዳ ሞከርነው። ሆን ብዬ በጣም ብርድ የሆነችውን ሰዓት ጠበቅሁ፤ በርሜሉም ሌሊቱን ሙሉ ደጅ ያደረ ነው። እንጨቱን ነክሬ ቆጠርሁ፤ ሃያ አምስት። እስካሁን ከቆጠርሁት ሁሉ የባሰ። ጎማ ጠጋኙ የነፋሱን ጎማ በግድግዳው ላይ አሻግሮ «ነፋሴን እየሸጥሁ ነው እንዴ?» አለ። ፍሬን ደግሞ «ለአንተ የሚተርፍ ነፋስ በአፍህ አለ» አለው።

ቁልፉን ከፈትሁ። መጀመሪያ ባዶውን ተነፈሰ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ከዚያ ጎማው ተንቀጠቀጠ፤ ወፍራሙ ዘይት እየተጎተተ ወጣ፤ ሳይቸኩል፣ ሳይቆም። ጥቁር፣ ከባድ፣ የሚያብረቀርቅ። የፓምፑ ድምፅ የሞተር ድምፅ አይደለም። የሰው ደረት ነው። ፍሬን እጁን በፓምፑ ላይ አድርጎ «ይህስ ነፍስ አለው» አለ፤ ቀልዱን ረስቶ። እመቤት ኮታቸውን ሳይደርቡ ወጥተው ከአጠገባችን ቆሙ፤ እስኪያልቅ ድረስም አልሄዱም።

እኔ ግን በሙሉ ልቤ መደሰት አልቻልሁም። በጣም ተደንቄ ነበር፤ ልጽፍ ከምችለው በላይ። ነገር ግን በእያንዳንዱ ትንፋሹ መሐል የዚያች ብርጭቆ ውስጥ ኳስ ወጣ ወረድ ትላለች።

ታኅሣሥ 8

ጋሼ ቱቦ ቱቧቸው ወጥቷል። ተቀምጠዋል። ስለ ፓምፑ ነገርኋቸው፤ ሁለቱ ሽፋኖች እንዴት እየተቀባበሉ እንደሚተነፍሱ በእጄ አሳየኋቸው።

«እንግዲያስ ሳንባ ገዛችሁልኝ በለኛ» አሉ። «የእኔን ደግሞ ማን ይጠግነው?»

ከዚያ ሌላም ነገርኋቸው። የዚያን ቀን በበሩ ስወጣ የጠየቁኝን። «አሽትተሃል?» ነበር ያሉኝ። እኔም፣ ፓምፑ በጋሪው ላይ ነበርና፣ ሰው ከመነሣቱ በፊት መውጣት ፈልጌ «አዎ» አልኋቸው። አላሸተትሁም። ዋሽቼ ሄድሁ።

ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«አውቄ ነበር» አሉ። «የምትቸኩል ሰው 'አዎ' ነበር፤ ድምፅህ ከአንተ ቀድሞ በር ላይ ደርሷል። ሁለተኛ ልጠይቅህ አሰብሁ። ግን ፍሬን ከመኪናው ሥር ነበር፣ ይሰማኛል። ጋሼ ቱቦ በልጅ አፍንጫ ነው የሚሠሩት ከሚባል ቤንዚን ልጠጣ አልሁ። በል፣ ጥፋቱን ለብቻህ አትውሰድ፣ ግማሹ የእኔ ነው። ስስታም አትሁን።»

እጃቸውን ይዤ አለቀስሁ። እርሳቸው ግን ፓምፑ ጭቃ ሲበዛበት ድምፁ ይለወጥ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ሐኪሙ በር ላይ አነጋገረኝ። ከእንግዲህ ጎማ አፋቸው እንዳይነካ አዝዟል። ሁለት ወር ከዘይት ሽታ ርቀው ንጹሕ አየር ካገኙ ሳንባቸው ይመለሳል፤ ካላገኙ ግን በዚህ ብርድ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ሲመጡ መዳናቸውን ቃል አልገባም አለ። ወዴት ይሂዱ? የሚኖሩት በግቢያችን ጓዳ ውስጥ፣ ከታንከሩ ዐሥር እርምጃ ላይ ነው። ዘመድ የላቸውም፤ ወይም አልናገርም ብለዋል። እመቤት ቦታቸውን ሁለት ወር ሊጠብቁላቸውና ሲመለሱ ፓምፑን ሊያስረክቧቸው ተስማምተዋል። ማሽተቱን ለእኔ ሰጡኝ፣ በይፋ። ምክንያቱን አልነገሩኝም።

እናቴና አባቴ ይስሙኝ፤ እታለም፣ ይህን የመጨረሻ ገጽ ሳታልፊ ለሁሉም አንብቢ። የእኛ ቤት ከመኪና መንገድ የራቀ ነው፤ አየሩ ንጹሕ ነው፤ የእኔም አልጋ ባዶ ነው፣ ወይም እንደዚያ እገምታለሁ። ጋሼ ቱቦን ለሁለት ወር እንድትቀበሉልኝ እለምናለሁ። የሚበሉት ትንሽ ነው፤ ጨዋታ ያውቃሉ፤ ማታ ማታ ያስላቸዋል፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ። የበደሌን ነገር ከላይ የጻፍሁት ለዚሁ ነው፤ ሳልነግራችሁ አልጋ ብለምን ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። አውቃችሁ እንቢ ብትሉም አልቀየማችሁም። አጎቴም የመሰለውን ይናገር።

ሾፌሩ ነገ ይህን ይዞ ይመጣል፤ ሐሙስ በእናንተ በኩል ተመልሶ ያልፋል። ሆስፒታሉ አልጋውን ዓርብ ይፈልገዋል። እንግዲህ ልትቀበሏቸው ትችላላችሁ ወይስ አትችሉም? ረጅም ደብዳቤ አልጠይቅም። አንድ ቃል በቁራጭ ወረቀት ጻፉና ሐሙስ በሾፌሩ እጅ ስጡልኝ፤ በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።